አሰልጣኙ ይባረር? የፈረሰኞቹ ሰባት ስንብቶችና የእኛ ጩኸት

(ረዘም ይላል። ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ።)

ቦሌ ሚካኤል ውስጥ እሁድ ከሰዓት የምቀመጥባት አንዲት የዲኤስቲቪ ቤት አለች። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የኮሜንታተሩ ድምፅ ይዋጣል፤ ጎሉ በዚያች ሰዓት ከገባ ማን እንዳቀበለ ለማወቅ ድጋሚውን መጠበቅ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚያ ቁጭ ብለን አንድ የአገራችን ክለብ በተከታታይ ሲሸነፍ አየን። ገና የመጨረሻው ፊሽካ ሳይነፋ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ «ይባረር!»

የክለቡን ስም አልጠራም። ዛሬ እሱን ብጠራ በሚቀጥለው ወር ተራው የሌላው ነው።

እኔ «ቆይ፣ እሺ ተባረረ፤ ማን ይምጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። ዝም አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ የራይድ ሹፌር፣ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፣ ሳቅ ብሎ «አንተ ጋዜጠኛው ደግሞ! ጊዮርጊስ በ2014 ዋንጫ የበላው አሰልጣኝ አባሮ አይደል እንዴ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው፤ አባሮ ነው የበላው። ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁና ስም መጻፍ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ወረቀት ልጅ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። አሰልጣኝ ማባረር በእኛ አገር እንደ እግር ኳሱ ያረጀ ልማድ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የሚያባርርም የሚባረርም አልነበረም። ይድነቃቸው ተሰማ ለክለቡ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ እየተጫወቱም አሰልጥነዋል። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ብሔራዊ ቡድን በመምራት ስማቸው የሚነሳውም እሳቸው ናቸው። ኳስ እንጀራ ባልሆነበት ዘመን ሰውን ከምኑ ታሰናብተዋለህ? ስንብት የመጣው ከቅጥር ጋር ነው። ክለቦች በጀት ሲይዙ፣ ፊርማና ደመወዝ ሲመጣ፣ «ውጤት ማጣት» የሚለው ሐረግም አብሮ ወደ ደብዳቤው ገባ።

ጊዮርጊስ የውጭ አሰልጣኝ በመቅጠር ከማንም ይቀድማል። ሰርቢያዊው ሚቾ፣ ሙሉ ስሙ ሚሉቲን ስሬዶየቪች፣ ሁለት ጊዜ እየመጣ ለዓመታት ቆይቷል፤ ዋንጫም ደጋግሞ በልቷል። ደጋፊው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራዋል እንጂ «ያ ፈረንጅ» አይለውም። በኋላ ዩጋንዳን እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው እሱ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታ «የውጭ ይሻላል፣ የአገር ውስጥ ይሻላል» የሚለው የተለመደ ጭቅጭቅ እንዳይመስላችሁ። እሱን ክርክር ለቁርስ ቤት እንተወው።

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ወረቀቱ የሚጀምረው ከደስታ ነው። በ2009 የውድድር ዘመን ጊዮርጊስ በሆላንዳዊው ማርት ኖይ እየተመራ ሊጉን በላ። በተከታታይ አራተኛው ነበር። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ገብቶ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር ተፋጠጠ። ሰንዳውንስ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበር። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ የደረሰ የኢትዮጵያ ክለብ አላየንም ነበር። ኖይ ከዚያ ሄደ።

2010፦ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ቫዝ ፒንቶ መጣ። ሊጉን እስከ መጨረሻው ተናንቆ ለጥቂት አጣው፤ ዋንጫው ጅማ አባ ጅፋር ጋር ሄደ። ፒንቶም ሄደ።

2011፦ እንግሊዛዊው ስቴዋርት ሆል። ዋንጫው መቀሌ 70 እንደርታ ገባ። ሆል ሁለተኛ ዓመት አላየም።

2012፦ ሰርቢያዊው ሰርጃን ዚቮይኖቭ። ያን ዓመት ኮቪድ መጣና ሊጉ ተሰረዘ፤ አሸናፊም ተሸናፊም የለም። ለአሰልጣኙ ግን ተሸናፊ ሆኖ ተቆጠረበት መሰለኝ፤ እሱም ወጣ።

2013 ብቻውን ሦስት ሰው ይዟል። ጀርመናዊው ኧርነስት ሚደንዶርፕ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደሚያውቃት ደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። እሱን እንኳ ማንም አላባረረውም፤ ራሱ ነው የሄደው። ደቡብ አፍሪካዊው ማሂር ዴቪድስ ተተካ፤ የውድድር ዘመኑን አልጨረሰም። ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታል ተረከበ። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወስዶ ጎንደር አስጨፈረበት።

2014፦ ሌላ ሰርቢያዊ፣ ዝላትኮ ክርምፖቲች። ሊጉ ገና ዳዴ ሲል ተለያዩ።

ሰባት ሰው። ፖርቱጋል፣ እንግሊዝ፣ ሰርቢያ፣ ጀርመን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ስኮትላንድ፣ እንደገና ሰርቢያ። እያንዳንዱ የራሱን የልምምድ መንገድ፣ የራሱን አሰላለፍ፣ «ይህን ተጫዋች አምጡልኝ» የሚለውን ዝርዝር ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ሲሄድ ያስመጣቸው ልጆች ለቀጣዩ ቀሩ፤ ቀጣዩ ደግሞ አልፈለጋቸውም። አንዱ ኳስ ይዘህ ውጣ ያለውን ተከላካይ ሌላው «ምታና ገላግለን» ይለዋል። ከአራት ዓመት በላይ ተጫዋቹ በየዓመቱ አንደኛ ክፍል ገባ። ከዚያ ሁሉ የሊግ ዋንጫ ዜሮ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የማይለወጥ አንድ ወንበር ነበር፤ የቦርዱ። ክፉ አመራር ነበር አልልም። ያ አመራር ብዙ ዋንጫ አይቷል፤ ክለቡንም በከባድ ዘመን ይዞ ቆይቷል። ግን ሰባት ጊዜ የተቀጠረውን ሰው የመረጠው ያው እጅ ነው። ሰባት ሾፌር ቀይረህ መኪናው አሁንም ዳገት ላይ ከቆመ፣ ስምንተኛውን ከመጥራትህ በፊት ቦኔቱን መክፈት ነው።

ከክርምፖቲች በኋላ ቡድኑን የያዙት ዘሪሁን ሸንገታ ናቸው። የክለቡ የቀድሞ ተጫዋች፣ በረዳትነት የቆዩ ሰው። መጀመሪያ «እስኪ ለጊዜው» ተብሎ ነበር። 2014 ላይ ፋሲል ከነማ እስከ መጨረሻው እግር በእግር እየተከተላቸው ዋንጫውን አነሱ። 2015 ላይ ደገሙት።

እንግዲህ የሹፌሩ ክርክር እዚህ ላይ ነው የሚነሳው፤ ቀላልም አይደለም። ክርምፖቲች ባይባረር ዘሪሁን አይመጡም። ስለዚህ ማባረር ሠራ።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ሰባተኛው ስንብት ሠራ ከተባለ የቀደሙት ለምን አልሠሩም? ስንብቱ በራሱ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ጊዮርጊስ በ2011 ተፈውሶ ነበር። በሰባተኛው ላይ የተለየው የሄደው ሰው አይደለም፤ የመጣው ነው። የመጣው ሰው ተጫዋቹን በስም ሳይሆን በጠባይ ያውቀዋል። ማን ሲቆጡት እንደሚሠራ፣ ማን ሲቆጡት እንደሚጠፋ ያውቃል። መልበሻ ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዜሮ አልጀመረም። ሌሎቹ ሲመጡ ሲሄዱ እሳቸው አጠገብ ሆነው አይተዋል። ጊዮርጊስ በ2014 ያገኘው አዲስ ነገር ሳይሆን ሲያባርር ሲያባርር ያጣውን ነገር ነው ባይ ነኝ።

ይህን ስል ሹፌሩ አይረታም፤ አውቃለሁ። «ክርምፖቲች ቢቆይስ ዋንጫ ይበላ ነበር?» ቢለኝ ምን እላለሁ? ያን ዓመት ድጋሚ ማጫወት አይቻልም።

አሁን ከክለብ ወጥቼ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ልሻገር፤ እዚያ የራሴ እጅ ስላለበት ነው።

2006 ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙም ሳይቆይ፣ ዛሬ በሌለች ጋዜጣ ላይ «ሰውነት ቢሻው ይበቃቸዋል» የሚል ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ርዕሱን ራሴ ነው ያወጣሁት። ኮርቼበትም ነበር፤ ለእናቴ ሳይቀር አሳይቻታለሁ። እሷ ኳስ አታይም፤ አንብባ ስታበቃ «ምን አደረገህ ሰውየው?» አለችኝ። መልስ የነበረኝ መስሎኝ ነበር።

ምን አድርገውኝ ነበር? ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው አገሪቱን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ያገቧቸውን ጎሎች ያየ ሁሉ ያን ማታ ቤቱ በጊዜ አልገባም። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል ነው ያለፍነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ደግሞ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረተን ወደ ዓለም ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ገባን ብለን ስንጨፍር ስለ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ሰማን። ሁለት ቢጫ ያለበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ ነበር፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ሆኖም መካከለኛው አፍሪካን አሸንፈን እንደገና አለፍን። ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋን ብራዚል ቀረች።

ከዚያ ጥር 2006 ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቻን መጣ። በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎ 1 ለ 0፣ በጋና 1 ለ 0። ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ጎል የለም። እኔም ብዕሬን አነሳሁ። ከዚያ ሰውነት ተሰናበቱ።

ቻን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ የሚሳተፉበት ውድድር ነው። ሳላዲን አልነበረም፤ ውጭ የነበሩት ሁሉ አልነበሩም። ይህን ጽሑፌ ውስጥ አልጻፍኩትም። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ክርክሬን ስለሚያበላሽብኝ ነው።

ከሰውነት በኋላ የሆነውን በፍጥነት ልለፈው፤ ማየት አያስደስትም። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 ቢያሸንፍም የ2015ቱን (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አላለፈም፤ ተባረረ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ። መጋቢት 16 ቀን 2008 ብሊዳ ላይ አልጄሪያ 7 ለ 1 ቀጣችን፤ ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያችኑ አልጄሪያ 3 ለ 3 ይዘን ወጣን። ዮሐንስም ተሰናበቱ። ገብረመድህን ኃይሌ ገቡ፣ ወጡ። አሸናፊ በቀለ ገቡ፣ ጋና ላይ 5 ለ 0፣ ወጡ። የመንን ለእስያ ዋንጫ አብቅተው የመጡት አብርሃም መብራቱ ገቡ። በስድስት ዓመት ተኩል አምስት አሰልጣኝ፣ አንድም የአፍሪካ ዋንጫ የለም። ሰውነት ቢቆዩ ይገባ ነበር ለማለት አልደፍርም። አለመቆየታቸው ምንም አላመጣልንም ማለት ግን እችላለሁ።

አብርሃም ላይ ትንሽ ልቆይ። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ አይቮሪኮስትን 2 ለ 1 አሸነፉ። አይቮሪኮስትን! ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ማጣሪያው ቆመ፣ የኮንትራታቸው ጊዜ አለቀ፣ አልታደሰላቸውም። ውበቱ አባተ በ2013 መጀመሪያ ተተኩ። ውበቱ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረተው መጋቢት 2013 ላይ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁት። አገር ተደሰተ፤ ሁላችንም «ለውጡ ሠራ» አልን።

ቡድኑ ያለፈው በ9 ነጥብ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ የባሕር ዳሯ ቀን ናቸው። አብርሃም ያመጧቸው ሦስት ነጥቦች ባይኖሩ ማዳጋስካር ታልፍ ነበር። ይህን የውበቱን ሥራ ለማሳነስ አይደለም የምጽፈው፤ ሰውየው ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ብቸኛውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያስበሉ ናቸው፤ ሰኔ 2014 ላይ ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈዋል። ግን ሰንጠረዡ ላይ የሁለት ሰው ነጥብ ተደምሮ ሳለ ጭብጨባው ለአንዱ ብቻ ሆነ። ተከታዩ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የቀዳሚውን እርሻ ነው የሚያጭደው። ሲያጭድ ደግሞ የዘራው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ያያል።

ውበቱም አልቆዩም። መጋቢት 2015 ላይ ሞሮኮ ውስጥ ጊኒ በሦስት ቀን ልዩነት 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 አሸነፈቻቸውና በቀጣዩ ወር ተለያዩ። ልብ በሉ፤ ሁለተኛው ጨዋታ «የሜዳችን» ነበር። ግብፅንም ያሸነፍነው በ«ሜዳችን» ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። አሰልጣኙ ስታዲየም አይሠራም፤ ሣር አያበቅልም። «የሜዳ ጨዋታ ለምን ተሸነፍክ» ተብሎ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው።

ሹፌሩ ያነሳው ጥያቄ ለእኛ ብቻ የቀረበ አይደለም። ባስ ተር ዌል የተባለ ሆላንዳዊ የኢኮኖሚ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2004 ባለው የሆላንድ ከፍተኛ ሊግ ላይ ይህንኑ መረመረ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ውጤት አጥተው አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን በአንድ ወገን አስቀመጠ። በሌላው ወገን ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ውጤት አጥተው አሰልጣኛቸውን ያቆዩትን። ያባረሩት ከስንብቱ በኋላ ተሻላቸው። ያላባረሩትም ተሻላቸው፤ ያውም ከእነዚያ ሳያንሱ።

ይህን ለመረዳት ሆላንድ መሄድ አያስፈልግም። ምች ሲመታን ዳማከሴው የሚጨመቀው በመጀመሪያው ማስነጠስ አይደለም፤ ዓይናችን ቀልቶ፣ ራሳችን ሊፈነዳ ሲል ነው። ያ ቀን የበሽታው ጣሪያ ነው። ከጣሪያ ወዲያ ያለው መውረድ ነው። በማግስቱ ሲሻለን ግን ምስጋናው ለዳማከሴው ነው። (ዳማከሴ አይሠራም አላልኩም፤ አያቴ ብትሰማኝ ትረግመኛለች።) አሰልጣኝም የሚባረረው ቡድኑ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ነው። ስድስተኛውን ባይሸነፍ ምን ይገርማል? ኳስ ማዕዘኑን መትታ ስትወጣ፣ ዳኛ ፍፁም ቅጣት ምት ሲከለክል፣ አጥቂ ሲጎዳ የቆየ ቡድን መቼም ዕድሉ አንድ ቀን መመለሱ አይቀርም። ሲመለስ አዲሱ አሰልጣኝ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ፈርጉሰንን ያነሳል። አዎ፣ ማንችስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1986 ቀጥሮት የመጀመሪያውን ዋንጫ ያየው በ1990 ነው፣ ሊጉን ደግሞ በ1993። እኔ ግን ይህን ምሳሌ አልወደውም። ፈርጉሰንን የምናስታውሰው ስለተሳካለት ነው። ታግሠው አቆይተው አብረው የወረዱ ስንት ክለቦች አሉ፤ ለእነሱ ማን መጽሐፍ ይጽፋል? «ታገሡ» ብቻውን እንደ «አባርሩ» ብቻውን ባዶ ነው።

ታዲያ ማባረር ካልሠራ ለምን ይባረራል? እኔ እንደሚገባኝ ለውጤት አይደለም፤ ለጊዜ ነው። ክለቡ ሲቸገር ደጋፊው ወደ ላይ ያያል። ተጫዋቾቹን በዓመት አጋማሽ መለወጥ አይቻልም፤ የዝውውር መስኮቱ ተዘግቷል፣ ገንዘቡም አልቋል። ቦርዱ ራሱን አያባርርም። የቀረው አንድ ሰው ነው። እሱ ሲሄድ ደጋፊው ለሦስት አራት ሳምንት ዝም ይላል፤ «አዲሱን ጊዜ እንስጠው» ይባላል። ያ ዝምታ ነው የተገዛው። አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት የሚኖሩ ናቸው፤ ሰንጠረዡ ሲወርድ ስልክ የሚደውለው ሰው እግር ኳስ ያውቅ ዘንድ ግዴታ የለበትም። «ምን እርምጃ ወሰዳችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው እርምጃ መኖር አለበት። ደብዳቤ ደግሞ እርምጃ ነው።

ጅማ አባ ጅፋር ሌላውን ገጽ ያሳየናል። 2010 ላይ ሻምፒዮን ሲሆኑ አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ። ጅማዎች አላባረሯቸውም፤ ሰውየው በማግስቱ መቀሌ ሄደው እዚያም 2011 ላይ ሻምፒዮን ሆኑ። ጅማ ግን 2014 ላይ ከሊጉ ወረደ። በአራት ዓመት ከዘውድ ወደ ታችኛው ሊግ። ክለቡ ከአሰልጣኙ ውጪ የያዘው ነገር እንዳልነበረ የታየው እሳቸው ሲወጡ ነው። በእርግጥ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ወጣት ቡድን፣ በየክረምቱ ግማሽ ቡድን እየቀየሩ መቆየት ለማንም ከባድ ነው።

እንግዲህ የእሁዱ ጥያቄ ላይ ልምጣ፤ ሸሸህ እንዳልባል። ያ ክለብ አሰልጣኙን ያባርር ወይስ አያባርር?

መባረር ያለበት አሰልጣኝ አለ። ተጫዋቾቹ መስማት ያቆሙለት፣ ልምምድ ላይ እየተገኘ ሜዳ ላይ የሌለ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ብቻ ሳይሆን ሲያሸንፍም ምን እየሠራ እንደሆነ የማይታወቅ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ማቆየት ትዕግሥት ሳይሆን ስንፍና ነው። እኔ ግን ያን እሁድ ያየሁት ሌላ ነበር። ቡድኑ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ ዕድል ይፈጥራል፤ የሚጨርስ አጥቂ የለውም። አጥቂውን በክረምት የሸጠው፣ ወይም ፊርማ መክፈል አቅቶት የለቀቀው አሰልጣኙ አይደለም። ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ያንኑ አጥቂ አልባ ቡድን ነው የሚረከበው። ለእኔ መለኪያው አንድ ነው። የሚተካው ሰው ስም ይታወቃል ወይ? ያ ሰው ይህን ቡድን ከአሁኑ አሰልጣኝ በተሻለ ያውቀዋል ወይ? «አዎ» ከሆነ፣ ጊዮርጊስ ዘሪሁንን እንዳገኘው ከሆነ፣ ደብዳቤው ይጻፍ። «ይባረርና እናያለን» ከሆነ ግን ያ የ2010፣ የ2011፣ የ2013 መንገድ ነው፤ መጨረሻውን አይተነዋል። ስለዚህ ያ ክለብ ቢያንስ እስከ ክረምት ያቆየው ባይ ነኝ። ቢወርድስ? ቢወርድ ልሰደብ። በ2006 ማንም አልሰደበኝም፤ ያኔ መሰደብ ነበረብኝ።

ሰውነት ቢሻውን ይቅርታ ጠይቄያቸው አላውቅም። የዚያች ጋዜጣ ቅጂ እናቴ ዘንድ፣ ቡፌው ውስጥ፣ ከሠርግ ጥሪ ካርዶች ጋር አለ። ልጇ የጻፈው ስለሆነ አትጥለውም።

ገብረመድህንን ግን ላንሳ። በ2016 እንደገና የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ሆነው ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ጊኒ በድርብ ስትቀጣን ቦሌ ሚካኤል ያለችው ቤታችን እንደተለመደው ፈረደች፦ «ሽማግሌው ይበቃዋል፣ ይባረር!» በ2017 መጀመሪያ ወራት ከብሔራዊ ቡድኑ ተለያዩ። በዚያው የውድድር ዘመን ኢትዮጵያ መድንን ይዘው ሊጉን በሉ። ሦስተኛ ዋንጫቸው፣ በሦስተኛ ክለብ።

ዋንጫው ሲነሳ እዚያችው ቤት ነበርኩ። «ሽማግሌው ይበቃዋል» ያለው ልጅ ከፊቴ ቆሞ በሁለት እጁ ያጨበጭባል። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞሮ «እኚህን ሰው ማን ነበር ያባረራቸው?» አለኝ። አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ።